የአምናው ንባብ

ሚያዝያ 24

የአስተማሪዋን ጉርድ ቀሚስ ጨረስኩ። ዘርፉን ሁለቴ ፈታሁት… ክሩ ነው እንጂ እጄ አይደለም። (እጄም ሊሆን ይችላል።) ለአንድ ጉርድ ብዬ ካውያ አልሰካም አልኩና በመዳፌ ደልድዬ ሰጠኋት። "ትንሽ ተጨማዷል" አለች። "ሲለበስ ይለቃል" አልኳት። አይለቅም።

ነገ የካርድ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ደስ ብሎኛል። በመብራት ካርድ የሚደሰት ሰው በዚህ ከተማ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌላው ሰው ወር በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን ቆጣሪውን አይቶ፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጽፎ፣ መብራት መሥሪያ ቤቱ መስኮት ውስጥ ይጥላል። የኛ ቆጣሪ ጓሮ ነው። እኔ ግን ጓሮ አልወጣም። የማየው የሰውዬዬን ደብተር ነው።

ካረፈ ስድስት ወር አለፈው። ደብተሩ ላይ የመጨረሻውን አንድ ዓመት የቆጣሪ ንባብ ጽፏል፣ ለየወሩ አንድ ገጽ፤ ከአምና ጥቅምት ጀምሮ እስከ ዘንድሮ መስከረም ብል ይቀለኛል… ለእኔ ግን ሁሉም "አምና" ነው። ከቁጥሩ ሥር ወሩ ለምን እንደበዛ ወይም ለምን እንዳነሰ ሁለት ሦስት መስመር አለ። እኔ በወር አንድ ገጽ ብቻ ነው የምገልጠው። እንደ መድኃኒት። የነገው ሳይቆጠር አምስት ያልተነበበ ገጽ ይቀረኛል።

ሚያዝያ 25

እጄን ታጥቤ ገለጥኩት።

"ሚያዝያ 25። የወሩ 131። ሚስቴ ለስድስት ሚዜ ስድስት ቀሚስ ሰፋች። ካውያው አላረፈም፣ እሷም አላረፈችም። አንዷ ሚዜ ከተለካች በኋላ ወፈረች።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ትዝ አለኝ እኮ! ያቺ ልጅ… ዚፑ ወገቧ ላይ ደርሶ እምቢ አለ። እሷ ስታለቅስ፣ ሙሽራዋ ስትቆጣ፣ ሰውዬዬ፣ የገበያ ሚዛን መርማሪው፣ በሩ ላይ ቆሞ "የሚዛን ጉዳይ ከሆነ ለእኔ ተዉት" ቢል ልጅቷ ራሷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ጎኑን ፈትቼ ሁለት ጣት ጨመርኩላት። ቤቱ ሙሉ ክርና ቁርጥራጭ ነበር። መቀመጫው ሁሉ በጨርቅ ተይዞ ሳምንቱን ሙሉ ምሳውን ቆሞ በላ፣ አንድም ቀን አላጉረመረመም።

የመጋቢቱ ካርድ 49,068 ነበር። በዚያ ላይ 131 ስደምር 49,199 መጣ። ጻፍኩት። "ቆጣሪውን በዓይኔ አይቼ የሞላሁት" ከሚለው ሥር ፈረምኩ። ሰባተኛ ፊርማዬ ነው። በመጀመሪያው ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። አሁን ፈርሜ ሻዬን እጠጣለሁ… ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ማንን ጎዳሁ? የማልበላውን እየከፈልኩ ያለሁት እኔው ነኝ። የሆነ ሆኖ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ቤታችን አልተለወጠም። ሁለት ሰው ይኖርበታል፣ ካውያ ይሰካል፣ ውሃ ይሞቃል።

ሚያዝያ 28

ዝናብ። ማንም አልመጣም። ማሽኑን ሸፍኜ ዋልኩ።

ግንቦት 2

ልጄ ከምትሠራበት ከተማ ደወለች። "እማ፣ ብቻሽን ስትውዪ ምን ትሠሪያለሽ?" "እሰፋለሁ።" "ለማን?" ይኼ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ጓሮውን አጽድቼ አንዷን ክፍል እንዳከራይ ትፈልጋለች። "እሺ" አልኳት። እሺ ማለት ሰውን ዝም ማሰኛ ነው።

ከስልኩ በኋላ የንባብ ቀኖቻችን ትዝ አሉኝ። ሰውዬዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የገበያ ሚዛን መርማሪ ነበር። የናስ ክብደቶቹን በእንጨት ሳጥን ይዞ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የነጋዴውን ሚዛን ይፈትሻል። በነሱ ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አያነብም። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ይጻፋል። ቤትም ያው። እሱ መሰላል ላይ ባትሪ ይዞ፣ እኔ የማድ ቤቱ በር ላይ።

"አርባ ሰባት ሺህ!"

"አርባ ሰባት ሺህ!"

"ዘጠኝ መቶ ሦስት!"

አንድ ቀን ላበሽቀው ብዬ "ዘጠኝ መቶ አራት!" አልኩ። መሰላሉን እስከ ታች ወረደ። አየኝ። ተመልሶ ወጣና ከ"አርባ ሰባት ሺህ" ጀመረ። ጎረቤቶች በአጥር በኩል "ጨረታው ተጀመረ!" ይሉ ነበር። "ያለ መስካሪ የተነበበ ቁጥር ወሬ ነው" ይላል እሱ፣ ፊቱን ሳያዞር።

እሱ ካረፈ በኋላ የመጀመሪያው ካርድ ሲደርስ እስከ ጓሮው በር ሄጄ ነበር። ወጥቼ ባነብስ… ማን ይደግምልኛል? ተመለስኩና ደብተሩን አነሳሁ። የጥቅምቱ ገጽ "121" ይላል፤ ከሥሩ "ሚስቴ አዲስ መነጽር አደረገች። ፊቴ መጨማደዱን ዛሬ ነገረችኝ።" ቤቱ ገና ከለቅሶ ሰው አልጠራም ነበር፣ እኔ ብቻዬን እየሳቅሁ… 121 ደምሬ ጻፍኩ። በዚያው ቀረ።

ግንቦት 9

ተቆጣጣሪ መጣች። የልጄ እኩያ፣ ቦርሳ ያነገበች፣ የጭቃ ጫማ ያደረገች። "እትዬ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ቤት ለቤት እየዞርን ቆጣሪ እናያለን" አለች። ክው አልኩ። "ሻይ ላፍላልሽ?" አልኩ። ሌባ ሁሉ ተቆጣጣሪ ሲያይ እንዲህ እጁ ይፈታ ይሆን? "ይስጥልኝ፣ ሥራ ላይ አልጠጣም።"

መሰላሉን ራሷ አቁማ ወጣች። ሳጥኑን ከፈተች። እኔ ከታች ቆሜአለሁ።

"አርባ ስምንት ሺህ" አለች ለራሷ።

"አርባ ስምንት ሺህ!" አልኩ። አፌ ነው ያለው። እኔ ምንም ልል አላሰብኩም።

"ስድስት መቶ…"

"ስድስት መቶ!"

"ሃምሳ ሁለት።"

"ሃምሳ ሁለት!"

ወደ ታች አየችኝና ፈገግ አለች። "ሥራውን ያውቁታል።" ከዚያ ወርዳ ወረቀቷን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

"የሚያዝያው ካርድዎ አርባ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይላል።"

"ይላል።"

"ቆጣሪው በአምስት መቶ አርባ ሰባት ያንሳል፣ እትዬ። ቆጣሪ ደግሞ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ሰው ካልመለሰው በቀር።"

"ምናልባት… ካርዱ…"

"አሳንሶ የሚጽፍ ሞልቷል፣ በየቀኑ ነው የምንይዘው። ራሱ ላይ አብዝቶ የሚጽፍ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በዓይንዎ አይተው ነው የሞሉት?"

የመሰላሉን እግር ያዝኩ።

"በዓይኔ" አልኩ።

"የሚዛን መርማሪው ባለቤት ነዎት አይደል? አባቴ ሱቅ ነበረው። እሳቸው ሲመጡ ላብ ያጠምቀው ነበር… ግን ይወዳቸዋል። እርስዎ አይቻለሁ ካሉ አይተዋል።" ተመልሳ ወጣች። የቆጣሪው ማኅተም ላልቷል ብላ ጻፈች። ሳጥኑ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀትም አየችና ጻፈች። ወረቀቱ ጥር ላይ ብሬከር የቀየረልኝ የጎረቤቴ ነው፤ ስሙና የሥራ ፈቃድ ቁጥሩ አለበት። ለምን እንደጻፈችው አልጠየቅኋትም።

ግንቦት 10

ለምን "በዓይኔ" አልኩ?

አፍሬ ነው። "ባሌ የጻፈውን እየገለበጥኩ ነው" ይባላል? ለልጄ እኩያ?

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። የኔ ደግሞ ቆጡም ጓሮ ነው፣ ልወጣ የፈራሁት።

ግንቦት 14

የፊውዝ ሚስት መጣች። ጎረቤቴን ፊውዝ ያለው ሠፈሩ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ይቃጠላል፣ ቶሎ ይተካል። ሚስቱ ግን ረጋ ያለች ናት። ሱሪ ልታሳጥር መስሎኝ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አደረግሁ። ሱሪ አልያዘችም።

"እትዬ፣ ፈቃዱን ያዙበት።"

"የማንን?"

"የሱን። የእርስዎን ቆጣሪ ወደ ኋላ መልሰሃል ብለው። ጥር ላይ ሳጥኑን የነካው እሱ ብቻ ነው አሉ።"

ወንበር ፈለግሁ። አዲሱን ትምህርት ቤት ሽቦ የመዘርጋት ሥራ አግኝቶ ነበር… ይኼን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ በአጥር በኩል ሲያፏጭ ሁለት ሳምንቱ ነው። እስከ ግንቦት ሠላሳ ፈቃዱን ካላሳየ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ሁለት ሠራተኛ ቀጥሯል። መሰርሰሪያም ገዝቷል።

"እሱ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ነው እትዬ?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኩ። እስከ በሩ ሸኘኋት።

ግንቦት 15

ፊውዝ ራሱ መጣ። ጮኾ ይገባል ብዬ በሩን ከፍቼ ነበር የጠበቅሁት። አልጮኸም። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። እሱ ካልተቃጠለ ነገሩ ከባድ ነው።

"እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ካርዱን በትክክል አይተው ነው የሚሞሉት?"

አሁን ነበር። በቃ፣ አሁን ነበር መናገር! ደብተሩ ከኋላዬ ማሽኑ ላይ ተቀምጧል። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ባሳየው ግን ወስዶ ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፣ እነሱም ሁሉንም ገጽ ይገልጣሉ። ያላነበብኳቸውን አምስቱንም። ሰውዬዬ በአንድ ቀን ያልቅብኛል።

"አዎ" አልኩ።

"እንግዲያው ጥር ላይ ሳላውቅ የነካሁት ነገር ይኖራል" አለ። ራሱን እኮ ነው የጠረጠረው! "እርስዎማ አይሳሳቱም። የጋሼን ቤት እናውቀዋለን።" ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። የኔ ዝምታ ከምሳ በፊት ነቀዘ።

ግንቦት 18

መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ደብተሩን አልያዝኩም፤ ያለሱ እወጣዋለሁ ብዬ። ኃላፊው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ወረቀት ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው። የራሱን የበር ማስታወቂያ እንኳ ሲያልፍ ያነበዋል።

"ዓይኔ ደክሟል፣ ካርዱን ተሳስቼ ነው የሞላሁት" አልኩት።

"ሰባት ወር ሙሉ?"

"ሰባት ወር።"

ካርዶቼን ዘረጋቸው። "ጥቅምት አንድ መቶ ሃያ አንድ። ኅዳር አንድ መቶ አሥራ ስምንት። ታኅሣሥ አንድ መቶ ሠላሳ አራት… እትዬ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው እንዲህ ከፍ ዝቅ እያደረገ አይሳሳትም። ይህ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ንባብ ነው። ክረምትና በጋ አለው፣ እንግዳ አለው።"

የሚኖርበት ቤት።

"ጎረቤትዎን ሊያድኑ እንደፈለጉ ይገባኛል። ደግ ነዎት። ግን ማስረጃ ሳይኖር ፈቃድ አልመልስም።"

ደግ ነዎት አለኝ! መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ወጣሁ።

ግንቦት 20

ሁለት ቀን ሙሉ ከደብተሩ ጋር ተፋጠጥን።

ዛሬውኑ አምስቱንም ላንብባቸውና ልውሰድ አልኩ። ግንቦትን ልገልጥ ጣቴን አስገባሁ… አወጣሁት። ሃያ አምስት ገና ነው። የዕድሜ ልክ ነገር ይመስል! ደግሞስ ካነበብኳቸው ምን ይቀረኛል?

ሆዴ ምን አለ፦ ባልሄድስ? ፊውዝ ጎበዝ ነው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። እዚህ ልጻፈው፣ ማንም አያየው። የሚዛን መርማሪው ሚስት፣ በአንድ በኩል አምስት ገጽ፣ በሌላው በኩል የሰው እንጀራ አስቀምጬ ሁለት ቀን ሙሉ ሳመዛዝን ዋልኩ።

ግንቦት 22

ወሰድኩት።

ኃላፊው ካርዶቼን በቀኝ፣ ደብተሩን በግራ አደረገ። ተቆጣጣሪዋን ጠራት፤ እሱ ሲያነብ እሷ ትጽፋለች። ጥቅምት 121 ከካርዱ 121። ኅዳር 118 ከ118። እስከ ሚያዝያ ድረስ አንድም አልሳተም። መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

"እትዬ… ይህ የአምናው ነው።"

"የአምናው ነው።"

"ለምን?"

"በወር አንድ ገጽ ነበር የማነበው" አልኩ።

"ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ፣ ራሷን የሰረቀች ሌባ የመጀመሪያዬ ነዎት" አለ። ተቆጣጣሪዋ ሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ይበቃል መስሎኝ ደብተሩን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ።

"ገና ነው። ሰነድ እስከ መጨረሻው ይነበባል።"

"ቁጥሩን ብቻ ያንብቡልኝ። ከሥሩ ያለውን ይተዉት።"

"ሰነድ ተከፍሎ አይነበብም፣ እትዬ።"

ገለጠ። በዚያ በበር ማስታወቂያ ድምፁ አነበበው።

"ግንቦት 25። የወሩ 125። ከጎረቤት የተዋስነውን ሬዲዮ ሳንመልስ ወር ሞላን። ሚስቴ ዘፈን አልወድም ትላለች። ስትሰፋ እግሯን ያየ ይፍረድ።"

"ሰኔ 25። የወሩ 119። ዝናብ። ልብስ የምናደርቀው በካውያ ነው። ካልሲዬን ሳይቀር።"

"ሐምሌ 25። የወሩ 138። ሳሉ ስለባሰ መብራት አናጠፋም። ሚስቴ አጠገቤ ተቀምጣ እየሰፋሁ ነው ትለኛለች። መርፌው ላይ ክር የለም።"

ድምፁ ቀስ እያለ መጣ። ተቆጣጣሪዋ መጻፍ አቁማለች።

"ነሐሴ 25። የወሩ 133። የውሃ ማሞቂያ። እግሬን በቀን ሦስቴ ታጥበኛለች። የዚህን ወር ኪሎዋት ማንም በእሷ እንዳይቆጥርባት፣ የኔ ነው።"

ይበቃል፣ ይበቃል እያልኩ ነበር፣ በሆዴ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ።

"መስከረም 25። የወሩ 120። አላነበብኩም። መሰላሉ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ወረድኩ። በግምት ሞላሁ። በሥራ ዘመኔም በቤቴም በግምት የጻፍኩት ቁጥር ይህ ብቻ ነው። ለሚስቴ አልነገርኳትም። የማልወጣው መሰላል እንዳለ ካወቀች ሁሉንም ታውቃለች።"

ኃላፊው ደብተሩን ዘጋው።

"ስለዚህ መነሻውም ግምት ነው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። "ባልና ሚስት!" ከመሳቢያው መሐረብ አውጥቶ ሰጠኝ። ማልቀሴን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ደብተሩ ፋይሉ እስኪዘጋ እዚያ ይቆያል። "መቼ ይዘጋል?" "ሲዘጋ።"

ግንቦት 23

ተናድጃለሁ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው ይላሉ። ይበሉ።

ለደብተር የነገርከውን ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ያን ቀን ካፖርት ላደርስ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "ዛሬ ያለ መስካሪ አነበብኩ፣ ሕግ ጣስኩ" ብሎ ሳቀ። እኔ ምን አልኩት? ሻዩን አላማሰልክም ብዬ ተቆጣሁት። አሥራ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ባውቅ ኖሮ ያን አሥራ ሦስት ቀን አንዲት ስፌት አልሰፋም ነበር። ማሽኑን ዘግቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ይህን ከለከልከኝ። እንዳልደነግጥ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን መደንገጡም የኔ ነበር።

አምሽቼ ሳስበው ደግሞ… ፊውዝ ባርኔጣውን ይዞ በሬ ላይ ቆሞ ሲጠይቀኝ እኔስ ምን አደረግሁ? ያው አንድ ቤት ነን።

ግንቦት 25

ተቆጣጣሪዋ መፈተሻ ይዛ መጣች። ግማሽ ቀን ቆጣሪው ላይ ሰቅላ ፈተነችው። ጤነኛ ነው። አዲስ ማኅተም አደረገችለት። ንባቡ 48,675። ይኼኛውን አልደገምኩም፤ ቤት ውስጥ ነበርኩ።

"የጎረቤትሽ… የጎረቤትዎ ፈቃድ ይመለሳል" አለች። "የበላይ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።"

"እስከ ሠላሳ ይደርሳል?"

"ፈራሚው መስክ ላይ ናቸው።"

ግንቦት 30

አልደረሰም።

ሰኔ 1

ፈቃዱ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ። ሥራው ትናንት ማታ ለሌላ ተሰጠ።

ፊውዝ ተቃጠለ። በሬ ላይ ቆሞ፣ ሠፈር እየሰማ። "የቆጣሪውን ነገር ተዉት! የካርዱንም ተዉት! በርዎ ላይ መጥቼ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም? ያን ቀን ቢነግሩኝ እኮ በሳምንት ያልቅ ነበር! ራሴን እየጠረጠርኩ ነው የከረምኩት፣ እርስዎን ከምጠረጥር ብዬ!"

ቆሜ ሰማሁት። ሰበብ አላቀረብኩም። ምን ይቀርባል? "ልክ ነህ" አልኩት። "ልክ መሆኔን አውቃለሁ!" ብሎ ሄደ። የቀጠራቸውን ሁለቱን አሰናብቷል አሉ።

ሰኔ 11

ደብዳቤ መጣ። ማስጠንቀቂያ ነው። ዳግም ያልታየ ንባብ ብልክ መብራቱ ይቆረጣል፣ ጉዳዩም ወደ ሕግ ይሄዳል። አብዝቼ የከፈልኩት ወደፊት ይታሰብልኛል። የቀን መቁጠሪያው ሥር ሰካሁት።

ለፊውዝ ሚስት የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ እኔ ልስፋ አልኳት። "እሱን ልጠይቀው" አለች። እስካሁን መልስ የለም።

ልጄ ደውላ ሁሉንም ነገርኳት። ጓሮ ማጽዳቱን ሳይቀር፣ ያላጸዳሁትን። "አባዬ ካልሲውን በካውያ ያደርቅ ነበር?" አለችኝ። ሁለታችንም ስልኩ ላይ ተንፈቀፈቅን።

ሰኔ 25

ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ መሰላሉን ራሴ ጎትቼ አቆምኩት። ከባድ ነው። አንድ እግሩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፣ ድንጋይ ደገፍኩለት።

ፊውዝ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አየኝ። ቆመ። "ያዳልጣል፣ ይጠንቀቁ" አለ። እትዬ አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ እስክደርስ ቆሞ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

ሁለተኛውን ደረጃ ሳልፍ ጉልበቴን አሰብኩት። የሱንም። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ መነጽሬን ጠረግሁ። "አርባ ስምንት ሺህ" አልኩ ጮክ ብዬ። "ሰባት መቶ አሥራ ዘጠኝ።" ከታች ማንም የለም። እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። ያው ነው።

ወርጄ ቀነስኩ። ካርዱን ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ በእግሬ ሄጄ መስኮቱ ውስጥ ጣልኩ። ደብተሩ ገና አልተመለሰም። እዚሁ እጽፈዋለሁ።

የወሩ 44። አንድ ጉርድ ቀሚስ፣ ሁለት ሱሪ ማሳጠር። ካውያ ሦስት ቀን። ሬዲዮ የለም። ማሞቂያ አልተሰካም። የአንድ ሰው ቤት ነው።